«ስለሚሳሳቡ ነው» የሚለው መልስ ሲመረመር

ለኬሚስትሪ መምህር «ተቃራኒ ሙሎች ይሳሳባሉ» እንደሚለው ዓረፍተ ነገር የሚመች የለም። አጭር ነው፤ ተማሪው ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ሲሰማው የኖረ ነው፤ ለፈተና እርማትም ይቀላል። እኛም በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ውስጥ ስናስተምር ለብዙ ጥያቄ መልስ አድርገን ተገልግለንበታል። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ነው። የምንተቸውም ሐሰት ስለሆነ አይደለም፤ ተቃራኒ ሙሎች በእርግጥ ይሳሳባሉ። ነገር ግን ገና መመርመር ያለበት ነገር ላይ እንደ መጨረሻ መልስ ተቀምጦ ጥያቄውን ይዘጋዋል። ለምሳሌ የምንወስደው ሙል፣ በተለምዶ ቻርጅ የምንለውን፣ የተሸከሙ ረጃጅም ሞለኪውሎች ማለትም ፖሊመሮች በውሃ ውስጥ ሲገናኙ የሚሆነውን ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ፈተና ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሠልጣኞቻችን «የጄላቲን ሙሙትና የግራር ሙጫ ሙሙት ተደባልቀው ጥቂት አሲድ ሲጨመርባቸው ለምን ይደፈርሳሉ?» የሚል የአምስት ነጥብ ጥያቄ አቀረብን። የምንጠብቀው መልስ በማስታወሻችን ላይ የሰጠነውን ነበር፤ ጄላቲኑ ፖዘቲቭ፣ ሙጫው ኔጋቲቭ ሙል ስላላቸው ይሳሳባሉ የሚለውን። አንዲት ሠልጣኝ ግን እንዲህ ስትል ጻፈች፦ ምክንያቱ መሳሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ የገበታ ጨው በውሃ ውስጥ ሊሟሟ ባልቻለ ነበር፤ የሶዲየምና የክሎራይድ አዮኖችም ተቃራኒ ሙል አላቸውና፤ ስለዚህ ሌላ ምክንያት መኖር አለበት። ሌላውን ምክንያት አልጻፈችም። እኛም ከአምስት ዜሮ ሰጠናት።

ወረቀቷን ይዛ ወደ ቢሮ መጣች። «ይቅርታ መምህር፣ ስለ ነጥቡ አይደለም የመጣሁት፤ ጨው ለምን እንደሚሟሟ እንዲነግሩኝ ነው» አለች። የሰጠናት መልስ ዛሬ ሲታወሰን ያሳፍረናል። የውሃ ሞለኪውሎች አዮኖቹን ስለሚከቡ ነው አልናት። «ታዲያ ሙጫውንና ጄላቲኑንስ ውሃ አይከባቸውም?» ስትለን ደወል ተደወለ። ደወሉ ባይደወልም የምንለው አልነበረንም።

ሙከራውን ላልሠሩት የሥራ ባልደረቦቻችን በአጭሩ እንግለጸው። አንድ ግራም ጄላቲን በ100 ሚሊሊትር ሞቅ ያለ ውሃ፣ አንድ ግራም ከግራር የሚገኝ ሙጫ ደግሞ በሌላ 100 ሚሊሊትር ውሃ ይሟሟል። ሙጫው ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም፤ በዓለም ገበያ ከሱዳን በተለይም ከኮርዶፋን በብዛት የሚወጣ፣ በኢትዮጵያ ቆላዎችም የሚለቀም ነው። ከጄላቲኑ 5 ሚሊሊትር፣ ከሙጫው 3 ሚሊሊትር በአንድ የሙከራ ቱቦ ውስጥ ይደባለቃል። ድብልቁ ጄላቲኑ እንዳይረጋ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቢቆይ ጥሩ ነው። ከዚያ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጠብታ በጠብታ ሲጨመር ጥርት ብሎ የነበረው ፈሳሽ በድንገት ይደፈርሳል። ከድፍርሱ አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሚገኘው ዝቃጭ አይደለም፤ ክብ ክብ የሆኑ ጥቃቅን የፈሳሽ እንክብሎች ናቸው። ሁለት እንክብሎች ሲነካኩ ተዋሕደው አንድ ይሆናሉ። አሲዱ መጨመሩ ከቀጠለ ፈሳሹ እንደገና ይጠራል። በደፈረሰው ላይ የገበታ ጨው ቢነሰነስበትም እንዲሁ ይጠራል።

የአሲዱ ነገር በሙል ሊተረጎም የሚገባው ነው፤ በዚህ ላይ ማስታወሻችን አልተሳሳተም። ጄላቲን ፕሮቲን ስለሆነ ሁለቱንም ዓይነት ሙል ይሸከማል። ከቆዳ ወይም ከአጥንት በኖራ የተዘጋጀው ጄላቲን ፒ ኤች ከ5 በታች ሲወርድ ሚዛኑ ወደ ፖዘቲቭ ያጋድላል። ሙጫው ደግሞ በካርቦክሲል ክፍሎቹ አማካይነት በዚያው ፒ ኤች ኔጋቲቭ እንደሆነ ይቆያል። ፒ ኤች በ4 አካባቢ ሲሆን ሁለቱ ተቃራኒ ሆነው ይገናኛሉ። አሲዱ ሲበዛ የሙጫው ኔጋቲቭ ሙል በሃይድሮጅን አዮን ይያዝና ይጠፋል፤ ድፍርሱም ይጠራል። ሙል ከሌለ ጥምረት የለም። ይህን ማንም አይክድም። ክርክሩ ያለው ሙል ካለ በኋላ ጥምረቱን የሚገፋው ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው።

ይህን ክስተት በስም ያሳወቁት የኔዘርላንድ ሳይንቲስቶች ናቸው። ቡንገንበርግ ደ ዮንግና ክሩይት እ.ኤ.አ. በ1929 «ኮአሰርቬሽን» አሉት፤ ቃሉ ከላቲን የመጣና መከማቸትን የሚያመለክት ነው። በእነርሱ ዘመን አስተሳሰብ ኮሎይድ በውሃ ውስጥ ሳይዘቅጥ የሚኖረው በሁለት ነገር ነው፤ አንዱ የተሸከመው ሙል፣ ሌላው በዙሪያው ያለው የውሃ ልባስ። ሙሉ በሙሉ ሙላቸውን ሲያጡና ልባሳቸውም ሲሳሳ ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ። በባዮሎጂ መምህራን ዘንድ ስሙ የታወቀው የሶቪየቱ ባዮኬሚስት አሌክሳንደር ኦፓሪንም እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው፣ በ1938 ወደ እንግሊዝኛ በተተረጎመው የሕይወትን አመጣጥ የሚመለከት መጽሐፉ እንክብሎቹን ከእነዚሁ ሳይንቲስቶች ወስዶ ሕይወት ላለው ሕዋስ እንደ ቀዳሚ አድርጎ አቀረባቸው። መጽሐፉ ዝነኛ ስለሆነ ማብራሪያውም አብሮ ተጓዘ፤ እየተቀዳ ሲሄድም አጠረ። ወደ እኛ ማስታወሻ ሲደርስ የቀረው «ይሳሳባሉ» የሚለው አንድ ግሥ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ሠልጣኟ ጥያቄ እንመለስ። ውሃ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሁለት ሙሎች መካከል ያለውን መሳሳብ በባዶ ስፍራ ከሚኖረው ወደ 78 እጅ ገደማ ያዳክመዋል። ስለዚህ አንድ የሶዲየም አዮንና አንድ የክሎራይድ አዮን ቢገናኙም የሙቀት እንቅስቃሴያቸው ብቻውን ይለያያቸዋል። እያንዳንዱ አዮን ለብቻው የመንከራተት ነጻነት አለው፤ ተጣምሮ መቀመጥ ያንን ነጻነት ማጣት ነው። በፊዚካል ኬሚስትሪ ቋንቋ ኢንትሮፒ ይቀንሳል ማለት ነው። ረጅም ሰንሰለት ግን ሌላ ነው። አንድ መቶ ሙል የተሸከመ ሰንሰለት መቶዎቹ ሙሎች በየፊናቸው መሄድ አይችሉም፤ ተቆራኝተዋል። መላው ሰንሰለት እንደ አንድ ቅንጣት ነው የሚንከራተተው። ከሌላ ሰንሰለት ጋር ሲጣመር የሚያጣው የአንድ ቅንጣት ነጻነት ነው፤ የሚያገኘው ግን የመቶ ግንኙነት ነው። ኦፈርቤክና ፎርን እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ የሙጫውንና የጄላቲኑን ክስተት በስሌት ሲገልጹ መሠረቱ ይኸው ነበር፤ መሳሳብ በአንድ ወገን፣ የመበተን ዝንባሌ በሌላ ወገን፣ ሰንሰለቱ ሲረዝም የሁለተኛው መድከም። ሠልጣኟ የጎደለ ያለችው ነገር የሰንሰለቱ ርዝመት ነበር። ማስታወሻችን ስለ ርዝመት አንድም ቃል አልነበረውም።

ሆኖም ይህም ሂሳቡን አይዘጋውም። «የመቶ ግንኙነት ያገኛል» ስንል ሰንሰለቱ አስቀድሞ ራቁቱን የነበረ አስመስለናል። በማንኛውም ሙሙት ውስጥ ጠቅላላው ፖዘቲቭ ከጠቅላላው ኔጋቲቭ ጋር እኩል ነው። ኔጋቲቭ ሰንሰለት ያለ ሶዲየም ወይም ያለ መሰሉ፣ ፖዘቲቭ ሰንሰለት ያለ ክሎራይድ ወይም ያለ መሰሉ አይገኝም። እነዚህን ትንንሽ አዮኖች አጃቢ አዮኖች እንበላቸው። አንድ መቶ ኔጋቲቭ ሙል ያለው ሰንሰለት መቶ አጃቢዎች አሉት፤ መቶ ፖዘቲቭ ያለውም እንዲሁ። ከመደባለቃቸው በፊት እያንዳንዱ ሙል በአቅራቢያው ተቃራኒው ነበረው። ከተደባለቁ በኋላም ተቃራኒው አለው፤ የተለወጠው የተቃራኒው ማንነት ነው። የአንዱን እጅ ለቆ የሌላውን መያዝ እንጂ ባዶ እጅ መጨበጥ አይደለም። መሳሳቡ ተገዛ ሳይሆን ተለወጠ ብንል ይቀርባል። በዚህ ልውውጥ ምን ተገኘ? ሁለት መቶ አጃቢዎች ተለቀቁ። ሁለት ግዙፍ ቅንጣቶች አንድ ሆኑ፤ ሁለት መቶ ጥቃቅኖች ግን ነጻ ወጡ።

አንድ ባልደረባችን ይህን በሠርግ ይመስለዋል። ሙሽራና ሙሽሪት እስኪገናኙ ሚዜዎች ከአጠገባቸው አይለዩም፤ ከተገናኙ በኋላ ሚዜዎቹ ወደፈለጉበት ይበተናሉ። ሠልጣኞች ይህን ምሳሌ ይወዱታል፤ እኛም ተጠቅመንበታል። ጉድለቱ ግን በምሳሌው የሚፈላለጉት ሙሽሮቹ መሆናቸው ነው። ያስተካከልነው የመሰለን ስሕተት በጓሮ በር ተመልሶ ይገባል።

አጃቢዎች ምን ያህል ጥብቅ ሆነው ይቆያሉ የሚለውን ጄራልድ ማኒንግ እ.ኤ.አ. በ1969 በስሌት አሳይቷል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ውስጥ በሰንሰለት ላይ ያሉ ሙሎች ርቀት ከ0.71 ናኖሜትር ካነሰ ከአጃቢዎቹ ከፊሎቹ በሰንሰለቱ ላይ እንደ ጤዛ ተጠግተው ይቀራሉ። ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በዲ ኤን ኤ ላይ በርዝመቱ ሲለካ በየ0.17 ናኖሜትሩ አንድ ኔጋቲቭ ሙል ስለሚገኝ ከሙሉ ውስጥ 76 በመቶ ያህሉ በሶዲየም ዓይነት አዮኖች ተሸፍኖ ይኖራል። ይህን ያህል አጃቢ የያዘ ሰንሰለት ሲጣመር የሚለቀቀው ብዙ ነው። አላን ማይክልስና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጥናት ሁለት ተቃራኒ ፖሊመሮች ሲጣመሩ የሙሙቱን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታ እየለኩ የትንንሾቹን አዮኖች መለቀቅ ተከታትለዋል። ይህ ልኬት በመምህር ቋንቋ ሲነገር ቀላል ነው፤ የታሰረ አዮን ኤሌክትሪክ አይሸከምም፣ የተፈታ ይሸከማል።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችንን ስሕተት መግለጽ ይገባናል። ይህን ካነበብን በኋላ በሚቀጥለው ዓመት የጨውን ሙከራ ለሠልጣኞች አሳየንና፣ ጨው ሲነሰነስ ድፍርሱ መጥራቱ የአጃቢዎችን መለቀቅ ያረጋግጣል ብለን አስተማርን። ምክንያታችን ይህ ነበር፤ ውሃው አስቀድሞ በጨው አዮኖች ከተሞላ አዲስ የሚለቀቀው አዮን የሚያገኘው ነጻነት ትንሽ ነው፤ ስለዚህ የጥምረቱ ግፊት ይደክማል። ምክንያቱ ትክክል ነው። ማረጋገጫ ግን አይደለም። አሮጌው ማብራሪያም ቢሆን ተመሳሳይ ውጤት ይተነብያል፤ የጨው አዮኖች በሁለቱ ሰንሰለቶች መካከል ገብተው መሳሳቡን ይጋርዱታልና። ሁለት ተፎካካሪ ማብራሪያዎች አንድ ዓይነት ውጤት በሚተነብዩበት ቦታ ሙከራው ዳኛ ሊሆን አይችልም። ይህን ያስተዋልነው ትምህርቱን ሰጥተን ከጨረስን በኋላ ነው።

ዳኛ ሊሆን የሚችለው ሙቀትን መለካት ነው። ጥምረቱን የሚገፋው የመሳሳብ ጉልበት ቢሆን ኖሮ ሲጣመሩ ብዙ ሙቀት መውጣት ነበረበት። ጠንካራ ሙል ባላቸው ብዙ ፖሊመሮች ላይ ሲለካ የሚገኘው የሙቀት ለውጥ ግን ትንሽ ነው፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ሙቀት ይስባሉ፤ ሆኖም ይጣመራሉ። ፉና ሽሌኖፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ይህን በብዙ ጥንዶች ላይ ከለኩ በኋላ ግፊቱ ኤሌክትሮስታቲካዊ አይደለም እስከማለት ደርሰዋል። አባባሉ ደፋር ነው፤ እኛ ቃል በቃል አንቀበለውም። ውሃ ራሱ ሙሎችን ሲከብብ የሞለኪውሎቹ አቀማመጥ ስለሚለወጥ፣ በውሃ ውስጥ ያለ የሙሎች መሳሳብ ከፊሉ በኢንትሮፒ በኩል ይገለጣል። ስለዚህ የሙቀቱ ለውጥ ትንሽ መሆኑ ብቻውን መሳሳብን ከፍርድ ቤቱ አያስወጣውም። ቢሆንም ለክፍላችን የሚበቃ ቁም ነገር አለው፤ «ስለሚሳሳቡ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሙቀቱ የት ሄደ ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም።

በሌላ በኩል የራሳችን ሙጫና ጄላቲን ለአዲሱ ማብራሪያ የሚመቹ ምሳሌ አይደሉም። በሁለቱም ላይ ሙሎቹ ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው፤ ማኒንግ የሚለው ዓይነት የተጠጋ አጃቢ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ቢለቀቅም የሚለቀቀው ጥቂት ነው። ሙጫው ከፕሮቲኖች ጋር ሲጣመር የሃይድሮጅን ትስስርም ድርሻ አለው፤ ሙቀት ሲወጣም ይታያል። እንግዲህ «ስለሚሳሳቡ ነው» የሚለውን አውጥቶ «አጃቢዎች ስለሚለቀቁ ነው» የሚለውን በቦታው መተካት አንዱን መፈክር በሌላ መለወጥ ነው። እኛ በሁለተኛው ዓመት ያደረግነው ይህንኑ ነበር፤ ሠልጣኞቹም አዲሱን ዓረፍተ ነገር እንደ አሮጌው ሸምድደው በፈተና ላይ መለሱልን። ያን ጊዜ ለሁሉም አምስት ከአምስት ሰጠን። ከዜሮው ይልቅ ይህኛው እርማት ነው የሚቆጨን።

ስለ ኦፓሪን ጥቂት ሳንል አናልፍም። በመጽሐፉ ላይ የሚሰነዘረው የተለመደ ነቀፋ እንክብል ሕዋስ አይደለም የሚል ነው። ነቀፋው ተገቢ ነው፤ እንክብሎቹ ሲነካኩ ይዋሐዳሉ፣ ፒ ኤች ወይም ጨው ሲለወጥ ይጠፋሉ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያስተላልፉት መልእክት የላቸውም። የተፈጥሮ ምርጫ በእነርሱ ላይ ሠርቷል ለማለት የሚያስችል ነገር መጽሐፉ አላቀረበም። ግን ለኦፓሪን ሊሰጠው የሚገባ ምስጋና አለ። በኋለኞቹ ዓመታት ከሙጫና ከሂስቶን በሠራቸው እንክብሎች ውስጥ ፎስፎሪሌዝ የተባለውን ኤንዛይም አስገብቶ፣ ከውጭ የገባው ግሉኮስ ፎስፌት በውስጣቸው ወደ ስታርች እንዲለወጥ አድርጓል። ሐሳቡን በሙከራ ቱቦ የሚፈትን ሰው ነበር። የሚገርመው እንክብሎቹ ከሕይወት መነሻ ይልቅ ዛሬ ባሉት ሕዋሳት ውስጥ መገኘታቸው ነው። ከእ.ኤ.አ. 2009 ወዲህ በሕዋሳት ውስጥ ሽፋን የሌላቸው ክፍሎች እንደ ፈሳሽ እንክብል እንደሚፈጠሩና እንደሚዋሐዱ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ከእነዚህ በብዙዎቹ ኔጋቲቭ የሆነው አር ኤን ኤ ከፖዘቲቭ ፕሮቲኖች ጋር ይገኛል።

«ይሳሳባሉ» የሚለው ሥዕል ሌላም ነገር ይደብቃል፤ ሲጣመሩ ቁልፍና ጓንጉል ሆነው የሚቆለፉ ያስመስላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ፕሮታይሞሲን አልፋና ሂስቶን ኤች 1 የተባሉትን ሁለት የሰው ፕሮቲኖች መርምሯል። የመጀመሪያው የተጣራ 44 ኔጋቲቭ፣ ሁለተኛው 53 ፖዘቲቭ ሙል አለው። እጅግ አጥብቀው ይጣመራሉ፤ ነገር ግን ተጣምረውም ቋሚ ቅርጽ አይይዙም፤ እንደ ልቅ ክር እየተወዛወዙ ይኖራሉ። መጠበቅና መርጋት አንድ ነገር አለመሆናቸውን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። በማይክሮስኮፕ ያየናቸው የሙጫና የጄላቲን እንክብሎች ፈሳሽ ሆነው የሚቀሩትም በዚሁ መንገድ ነው፤ ግንኙነቶቹ ይፈታሉ፣ ይያዛሉ፣ እንደገና ይፈታሉ። ጠንካራ ሙል ያላቸው ፖሊመሮች ግን በንጹሕ ውሃ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ጠጣር ዝቃጭ ነው፤ ጨው ሲጨመርበት ይለሰልሳል፣ ሲበዛበት ፈሳሽ እንክብል ይሆናል፣ ይበልጥ ሲበዛ ይሟሟል። አንዱ ነገር በጨው መጠን ብቻ ሦስት መልክ ይይዛል።

የነገሩ ጥቅም በንድፈ ሐሳብ ብቻ የተወሰነ እንዳይመስል አንድ ነገር እንጨምር። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው ካርቦን የማያስፈልገው የደረሰኝ ወረቀት የተሠራው በዚሁ ሙጫና በዚሁ ጄላቲን ነው። በዘይት ውስጥ የሟሟ ቀለም በእንክብሎቹ ይለበጣል፤ እስክሪብቶ ሲጫነው እንክብሉ ይፈነዳና በታችኛው ወረቀት ላይ ጽሑፉ ይወጣል። ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ደረሰኝ ስናሳይ ከማይክሮስኮፑ ይልቅ እርሱ ነው የሚያነቃቸው።

ዘንድሮ ማስታወሻውን እንደገና ጽፈናል። «ለምን ይደፈርሳሉ» የሚለው ጥያቄ ወጥቷል። በምትኩ ሠልጣኞች ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይሠራሉ፤ በአንዱ ከመደባለቃቸው በፊት እያንዳንዱ ሙል ከማን ጋር እንደነበረ፣ በሁለተኛው ከተደባለቁ በኋላ ከማን ጋር እንደሆነ ይሞላሉ፤ ነጻ ቅንጣቶችንም በሁለቱም ዓምድ ይቆጥራሉ። ከዚያ ጨውን፣ የሰንሰለቱን ርዝመትና የሙሎቹን መራራቅ እየለዋወጡ ምን እንደሚሆን ይተነብያሉ። ለማረም ከባድ ነው፤ አንድ ወረቀት ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ያቺ ሠልጣኝ አሁን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ሠንጠረዡን ልከንላት ነበር፤ የውሃ ሞለኪውሎች የሚሞሉበት ሦስተኛ ዓምድ እንደሚጎድለው ጽፋ መለሰችልን።